የውይይት መድረክ ሥርዓትና አወያይነት፦ መቼ ይሰረዛል፣ መቼ ይቆለፋል፣ መቼ ይታገዳል?

ሰንበሌጥ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ የሙያ መወያያ ግሩፕ በአወያይነት እንድመራ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። አባላቱ ጥቂት ሳሉ ሁሉም ይተዋወቅ ስለነበር የተጻፈ ደንብ የለውም። አሁን የማይተዋወቁ ሰዎች በዝተዋል። ያው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፣ አንዱ የመለሰውን ሌላው ያጣጥላል፣ ክርክሩ ብዙ ሳይሄድ ጉዳዩን ትቶ ወደ ሰውየው ይዞራል። ስሰርዝ «አፈነችን» ይላሉ። ስተወው ደግሞ ዕውቀት ያላቸውና ጠብ የማይወዱት ድምፃቸውን አጥፍተው ይወጣሉ።

ልምድ ያላችሁ እነዚህን ብታስረዱኝ፦ ደንቡ ምን ያህል ይርዘም፣ እንዴትስ ይጻፍ? ስድብ ያለበት ጽሑፍ ይጥፋ ወይስ ይቅር? አንድን ሰው ለማገድ ምን ዓይነት ደረጃ ልከተል? የስድብ ቃል የሚያጣራ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) አስገብቼ ነበር፤ ግማሹን ስድብ ያሳልፋል፣ ጤነኛውን ጽሑፍ ይይዛል፤ ምን ላድርገው? በመጨረሻም፣ እኔም የሙያው ሰው ስለሆንኩ ክርክር ውስጥ ብገባ ነውር ነው?


ቀንዲል

እህት ሰንበሌጥ፣ ከደንቡ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነው።

ከአምስት እስከ ሰባት ነጥብ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚያነበው በስልክ ነው፤ ከአንድ ስክሪን ካለፈ አያነበውም። ከብዛቱ ይበልጥ ግን አጻጻፉ ወሳኝ ነው። «እርስ በርስ እንከባበር» የሚለው መልካም ምኞት እንጂ ደንብ አይሆንም። ተሳዳቢውም «እኔ መች ናቅኩት፣ እውነቱን ነው የነገርኩት» ይልሻል፤ አንቺም ለመሰረዝ ጣትሽን የምታሳርፊበት ቦታ ታጪያለሽ። ደንብ በዓይን የሚታይ ድርጊት መጥቀስ አለበት። ለምሳሌ፦

«ሐሳቡን ይተቹ፤ የጸሐፊውን የትምህርት ደረጃ፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ጾታ ወይም መልክ አያንሱ።»

«የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ፣ ፎቶ ወይም የግል መልእክት ስክሪንሾት ያለ ፈቃዱ አይለጥፉ።»

«ማስታወቂያ ከመለጠፍዎ በፊት አወያይ ያስፈቅዱ።»

መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንድ አከራካሪ ጽሑፍ ወስደሽ ለሦስት ሰዎች ስጪ። ሦስቱም ለየብቻ አንብበው «ደንብ ሁለትን ጥሷል» ወይም «አልጣሰም» በሚለው ከተስማሙ ደንቡ በደንብ ተጽፏል ማለት ነው። ከተለያዩ ችግሩ ሰዎቹ ጋ አይደለም፤ ደንቡን እንደገና ጻፊው። ነጥቦቹን ቁጥር መስጠትም አትርሺ። ስትሰርዢ «ደንብ 2» ብሎ መጥቀስ ረጅም ማብራሪያ ከመጻፍና ከሚከተለው ሙግት ያድናል። ደንቡ ሁልጊዜ ከላይ ፒን ተደርጎ ይቀመጥ፤ ባሻሻልሽው ቁጥር የተሻሻለበትን ቀን ግርጌው ላይ ጻፊ። አዲስ ነጥብ ስትጨምሪ ወደ ኋላ ተመልሰሽ የቆየ ጽሑፍ አትቅጪበት።

ስለ እርምጃው ደረጃ። ጥሩ ሆኖ የሚሠራው ይኼ ነው፦ መጀመሪያ ጽሑፉን ሰውረሽ ምክንያቱን ለጸሐፊው በግል ትነግሪዋለሽ፤ ይኼ እንደ ቅጣት አይቆጠርም። ሲደግም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ሦስተኛ ጊዜ ለ24 ሰዓት መጻፍ ብቻ ይከልከል፤ ማንበቡ አይነካበት። አራተኛ 7 ቀን። ከዚያ በኋላ መሰናበት። ማስጠንቀቂያ ዕድሜ ይኑረው፤ 90 ቀን ያለ ጥፋት ካለፈ ከመዝገቡ ይሰረዝ። ይኼን የማያደርጉ መድረኮች ላይ አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ስህተትና ትናንት በሠራው ትንሽ ጥፋት ተደምሮ ይባረራል፤ ሌላው አባል የሚያየው የትናንቱን ብቻ ስለሆነ «በዚህ ቀላል ነገር?» ብሎ በአወያዩ ያዝናል።

ደረጃ የማይጠበቅላቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ የአካል ጉዳት ማስፈራሪያ፣ የሰው የግል መረጃ ማውጣት፣ የስፓም (ያልተፈለገ ማስታወቂያና ሊንክ የሚበትን) አካውንት። እነዚህ በዚያው ቅጽበት ይወገዳሉ። ማስፈራሪያና የግል መረጃ ሲሆን ግን ከመሰረዝሽ በፊት ማስረጃውን ያዢ፦ ስክሪንሾት፣ የጽሑፉ ሊንክ፣ ሰዓት፣ የአካውንቱ መለያ ስም። ተጎጂው ነገ ወደ ሕግ ቢሄድ የሚያቀርበው ይኼን ነው። ቴሌግራም ላይ አድሚኖች የሠሩትን የሚያሳየው የቅርብ ድርጊቶች ዝርዝር የሚቆየው 48 ሰዓት ብቻ ነው፤ «በኋላ አየዋለሁ» ያለ አያገኘውም። የያዝሽው ማስረጃ ግን ከአወያዮች እጅ አይውጣ። የተሰረዘ የሰው አድራሻ ስክሪንሾቱ ለአስር ሰው ከተላከ ያው ወጣ ማለት ነው።

ለጸሐፊው የሚላከው መልእክት እንዲህ ቢሆን መልካም ነው፦

«ሰላም። ዛሬ ስለ መሣሪያ ምርጫ በተነሣው ውይይት ላይ የጻፉት አስተያየት ተሰውሯል። ምክንያቱ ደንብ 1 ነው፤ ‹ማንበብ የማይችል› የሚለው ሐረግ ሰውየውን እንጂ ሐሳቡን አይመለከትም። የቀረው ጽሑፍዎ ጠቃሚ ስለሆነ ሐረጉን አውጥተው ደግመው ቢለጥፉት ደስ ይለናል። ውሳኔው ስህተት ነው ካሉ ለዚሁ መልእክት መልሰው ይጻፉልን።»

አራት ነገር ይዟል፦ የትኛው ጽሑፍ፣ የትኛው ደንብ፣ የትኛው ቃል፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚችል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሰውየው ሊጠይቅሽ ይመለሳል፤ ወይም ይባስ ብሎ ጥያቄውን አደባባይ ያወጣዋል። ለሁሉም በ«እርስዎ» ጻፊ። ለአንዱ «አንተ» ለሌላው «እርስዎ» ያለ አወያይ ወገን እንደለየ ይቆጠራል። አባላትም ክርክር መሀል ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ሲወርዱ ካየሽ ጠብ መጀመሩ ነው፤ ስድብ እስኪመጣ አትጠብቂ።


እርሳስ_ቀራጭ

ስለ ቃል ማጣሪያው እኔ ልመልስ። አብዛኞቹ ቦቶች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው፤ የእኛ ጽሑፍ ላይ የሚወድቁበት ምክንያት ሦስት ነው።

አንደኛው ሞክሼ ሆሄ፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ ቅርጻቸው የሚለያይ ፊደላት ነው። «አህያ» የሚለውን ስድብ ልትከለክይ ፈለግሽ እንበል። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ህ፣ ሕ፣ ኅ፣ ኽ። አራት በአራት፣ 16 አጻጻፍ። ዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ብቻ ካስገባሽ አሥራ አምስቱ ያልፋሉ። መፍትሔው ዝርዝሩን ማርዘም አይደለም። ቦቱ ከማወዳደሩ በፊት ጽሑፉን ወደ አንድ ቤተሰብ ይመልሰው፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነእርባታቸው። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ላይ እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ስለያዘ ሥራው የመደመርና የመቀነስ ጉዳይ ነው፤ ለምሳሌ ከፀ ቤት እያንዳንዱ ፊደል 8 ቢቀነስ የጸ ቤት አቻው ይወጣል፣ በሠ ቤት ላይ 16 ቢደመር የሰ ቤት ይገኛል፣ ከዐ ቤት 48 ሲቀነስ የአ ቤት ይመጣል። ከዚህ ሌላ ግዕዝና ራብዕ አንድ ዓይነት የሚነበቡትን ሀ/ሃ፣ አ/ኣ ለብቻ ማዋሐድ ያስፈልጋል፤ ኸ ቤትንም እንዲሁ። ይኼ ለማወዳደሪያ ብቻ ነው፤ የአባሉን ጽሑፍ ራሱን እንዳይነካ ተጠንቀቂ።

ሁለተኛው የቃላችን ባሕርይ ነው። ቃሉ ከፊቱ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ ስለ ይይዛል፤ ከኋላው ው፣ ዎች፣ ነት፣ ም። ቦቱ ሙሉ ቃል ብቻ እንዲያመሳስል ከታዘዘ «ባለጌ»ን ይይዛል፤ «የባለጌ»፣ «ባለጌው»፣ «ባለጌም» ያመልጡታል። በቃል ውስጥ ያለውን ክፍልም ፈልግ ከተባለ ደግሞ «ባለጌጥ» የሚለውን ንጹሕ ቃል ይዞ ቁጭ ይላል፤ ስለ ልብስ የጠየቀች ሴት ጥያቄዋ ይሰወራል። እንዲህ ያለው ስህተት በእኛ አልተጀመረም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ኦንላይን (AOL) የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ማጣሪያ የእንግሊዟን የስከንቶርፕ ከተማ ስም እንደ ብልግና ቆጥሮ ነዋሪዎቿ አካውንት እንዳይከፍቱ አግዷቸው ነበር። የሚሠራው መንገድ የፊት ቅጥያዎችንና የኋላ ቅጥያዎችን በዝርዝር ሰጥቶ «ከፊት ከነዚህ አንዱ ወይም ምንም፣ ቃሉ፣ ከኋላ ከነዚህ አንዱ ወይም ምንም» የሚል ሕግ መጻፍ ነው። «ባለጌጥ» ውስጥ ያለው «ጥ» በቅጥያ ዝርዝሩ ስለሌለ ያልፋል። እንደ «ባለጎች» ያሉትን፣ የቃሉ መጨረሻ ራሱ የሚለወጥባቸውን፣ ለየብቻ ማስገባት ግድ ነው።

ሦስተኛው ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው፦ በፊደላት መሀል ነጥብ፣ ክፍተት ወይም ሁለት ነጥብ መጣል፣ በላቲን ፊደል መጻፍ። ነጥቡን ማውጣት ቀላል ነው። ክፍተት ማውጣት ግን ለጥፋት ይዳርጋል፤ የአንዱ ቃል መጨረሻና የሚቀጥለው መጀመሪያ ተጋጥመው ያልተጻፈ ስድብ ይፈጥራሉ። ክፍተቱን የምታወጪው ነጠላ ነጠላ ፊደላት በተከታታይ ሲመጡ ብቻ ይሁን። የላቲኑን ለሰው ዓይን ተይው፤ አጻጻፉ ወጥ ስላልሆነ ማጣሪያው አይደርስበትም።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው። ቦቱ አይሰርዝ። ያገኘውን ለአወያዮች ብቻ የሚታይ ወረፋ ውስጥ ያስገባና ሰው ይወስን። ቃል ብቻውን ስድብ አይደለም፤ የእንስሳት ሐኪሞች ግሩፕ ውስጥ «አህያ» በየቀኑ ይጻፋል፣ ተሰድቦ የመጣ ሰውም የተሰደበበትን ቃል ጠቅሶ ነው አቤት የሚለው። የተሰደበውን በማጣሪያ ዝም ማሰኘት ከስድቡ የከፋ ነው። ቦቱ ያለ ሰው እንዲሰርዝ መፈቀድ ያለበት ለአንድ ነገር ይመስለኛል፦ ግሩፑን ከተቀላቀለ 24 ሰዓት ያልሞላው አካውንት ሊንክ ሲለጥፍ። የስፓሙ አብዛኛው የሚመጣው በዚያ መንገድ ነው።


የብራና_ጫፍ

ቀንዲል ያለው ጥሩ ነው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። «ሰውረሽ ለጸሐፊው በግል ንገሪው» ብቻውን አይበቃም። ጽሑፉን ያዩት ሌሎችም ናቸው። በግል የተነገረው ሰው ዝም ቢልም፣ ሌሎቹ ያነበቡት ነገር ድንገት ሲጠፋ ሐሜት ይነሣል፤ ለጠፋው ጽሑፍ የተሰጡት መልሶችም አንጠልጣይ ሆነው ስለሚቀሩ መላሾቹ ከባዶ የተቆጡ ይመስላሉ። ስለዚህ በቦታው አንድ መስመር ተይ፦ «እዚህ የነበረ አስተያየት በደንብ 1 መሠረት ተነሥቷል»። የጸሐፊውን ስም አትጥሪ፤ ስሙ ከተጠራ ቅጣቱ ሁለት ይሆናል። ጽሑፉ ጠቃሚ ሐሳብ ካለውና የሚያስቀይመው አንድ ሐረግ ብቻ ከሆነ ደግሞ ለጸሐፊው ራሱ እንዲያርም ለምሳሌ ሁለት ሰዓት ስጪው። የሰውን ጽሑፍ አንቺ ገብተሽ አታርሚ፤ ያላለውን አስባልሽው ማለት ነው፣ እምነቱንም አትመልሺውም።

ስለጋለ ክርክር። ምልክቶቹ ከስድቡ ቀድመው ይታያሉ። ሁለት ሰዎች ብቻ ሌላ ሰው ሳይገባበት አራት አምስት ጊዜ ከተመላለሱ፣ መልሶቹ እያጠሩና እየፈጠኑ ከመጡ፣ «ጽሑፍህ» የነበረው «አንተ» ከሆነ፣ የጥያቄ ምልክቱ ሦስት አራት እየሆነ ከተደረደረ፣ ጊዜው ያኔ ነው። መጀመሪያ የምታደርጊው ፍጥነቱን መቀነስ ነው። ቴሌግራም ላይ የዝግታ ሁነታ (አንድ አባል ከጻፈ በኋላ ዳግም ለመጻፍ የሚጠብቅበት ጊዜ) ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ይደርሳል፤ ለጋለ ክርክር 5 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። 10 እና 30 ሰከንድ ለጠብ ምንም አይሠሩም፤ የተቆጣ ሰው ለመጻፍ የሚፈጅበት ጊዜ ከዚያ ይበልጣልና። አድሚኖችን ይኼ ገደብ ስለማይነካቸው አወያዮች በዚያ ሰዓት ክርክሩ ውስጥ እየገቡ በተከታታይ እንዳይጽፉ፤ ሌላው እጁ ታስሮ እነሱ ሲናገሩ ማየት እሳቱ ላይ ቤንዚን ነው።

ዝግታው ካልበቃ ክርክሩን ለሁለት ክፈይው። ብዙ ጊዜ ጠቡ የሚነሣው አንድ ርዕስ ሥር ሁለት ጥያቄ ተቀላቅሎ ነው፦ ጠያቂው «እንዴት ልጠግን» ይላል፣ ሁለቱ «መጀመሪያውኑ መግዛት አልነበረበትም» በሚለው ይጣላሉ። ለሁለተኛው አዲስ ርዕስ ከፍተሽ እዚያ ውሰጃቸው። ጠያቂው መልሱን ያገኛል፣ እነሱም ይወያያሉ፤ የማንም አፍ አልተዘጋም።

መቆለፍ የመጨረሻው ነው። ስትቆልፊ ሁለት ነገር ጻፊ፦ ለምን እንደተቆለፈና መቼ እንደሚከፈት፤ «ነገ በዚሁ ሰዓት ይከፈታል» ያህል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ሰው ይተኛበታል። የመክፈቻ ጊዜ የሌለው መቆለፊያ እንደ ቅጣት ስለሚታይ ክርክሩ ሌላ ርዕስ ሥር ተደብቆ ይቀጥላል። ከሁሉ የሚያስነቅፈው ደግሞ አወያዩ የራሱን አስተያየት ጽፎ ወዲያው የሚቆልፈው ነው። የመጨረሻውን ቃል በሥልጣን መውሰድ ነው፤ ያየው ሰው አይረሳውም።

ይኼ ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ ያመጣኛል። በክርክር መግባትሽ ነውር የለውም፤ ዕውቀት ያለው ሰው ዝም ቢል ግሩፑ ነው የሚከስረው። ግን በገባሽበት ርዕስ ላይ አወያይ መሆንሽ ያበቃል፤ ሌላ አወያይ ይያዘው። ስላሽዶት የሚባለው ቆየት ያለ መድረክ ይኼን በሥርዓቱ ውስጥ ነው የሠራው፦ አንድ ርዕስ ሥር ለሌሎች አስተያየት ነጥብ የሰጠ አባል እዚያው አስተያየት ከጻፈ የሰጣቸው ነጥቦች ይሰረዛሉ። ዳኛም ተጫዋችም በአንድ ሜዳ አይኮንም። ሌላ አወያይ ከሌለ ቢያንስ ሁለቱን ድምፅሽን ለይ፤ በሹመትሽ የምትጽፊው ሁሉ «ከአወያይ፦» ብሎ ይጀምር፣ የቀረው እንደማንኛውም አባል ሐሳብ ይቆጠር። «ከአወያይ፦» ብለሽ የሙያ ክርክር አትከራከሪ፣ ያለ እሱም ማስጠንቀቂያ አትስጪ።


ሰንበሌጥ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ይኼን ያህል ዝርዝር አልጠበቅኩም። የብራና_ጫፍ፣ ክርክሩን ለሁለት የመክፈል ሐሳቡን ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ተደጋጋሚ ጥያቄ ሲመጣ ነባሮቹ «ፈልግ!» ብለው ያሸማቅቃሉ፤ አዲሶቹ ሁለተኛ አይመለሱም። ሌላው፣ የታገደ ሰው «ተበድያለሁ» ቢል ማን ይስማው? አወያዮቹ ሦስት ብቻ ነን።


ጠጠር_መጣያ

ስለ አዲሶቹ። ችግሩ ከኢንተርኔት ውይይት ጋር እኩል ያረጀ ነው። ዩዝኔት በሚባለው የጥንቱ መወያያ ላይ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ሲመጣ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገቡ ነበር፤ ነባሮቹ ለጥቂት ሳምንት ያርሟቸውና ሥርዓቱን ይዘው ይቀጥላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ግን የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሸጡ ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን በገፍ ሲያስገቡ ጎርፉ ስላልቆመ «የማያልቀው ሴፕቴምበር» ተባለ። ያን ጊዜ ነባሮቹን ያሸነፋቸው የአዲሶቹ ክፋት አልነበረም፤ ገቢው ከአስተማሪው አቅም በለጠ። ለእናንተም ጥያቄው ያው ነው፤ በሳምንት ስንት ሰው ይገባል፣ ስንት ነባር ደግሞ በትዕግሥት ሊመልስ ፈቃደኛ ነው? ሁለተኛው ቁጥር ካነሰ መግቢያውን አዝግሙ። ፌስቡክ ግሩፕ ላይ ሲገቡ እስከ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፤ አንዱን «ከደንቡ ውስጥ የትኛው ነጥብ ለእርስዎ አስፈላጊ ነው?» አድርጉት። ቦት ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ሳይመልስ ይተወዋል፣ ሰው ደግሞ ለመመለስ ሲል ደንቡን ያነባል። ዲስኮርስ የሚባለው የመድረክ ሶፍትዌር ሌላ ዘዴ አለው፤ አዲስ አባል ከዜሮ ደረጃ ይጀምርና ቢያንስ 5 ርዕስ ውስጥ ገብቶ አይቶ፣ 30 ጽሑፍ አንብቦ፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ ነው ወደ አንደኛው ደረጃ የሚያልፈው። ማንበብ ከመጻፍ እንዲቀድም በሥርዓቱ ተገዷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢንተርኔት ሥርዓት መመሪያ፣ አርኤፍሲ 1855፣ ከዚያም አልፎ አዲስ ሰው ከመጻፉ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ዝም ብሎ እንዲያነብ ይመክር ነበር። ዛሬ ያን ያህል የሚጠብቅ የለም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው።

«ፈልግ!» የሚለውን በደንብ ከልክይው። አንድ ቃል መልስ ጠያቂውን ያሳፍራል፣ ለሚቀጥለው አንባቢም አይጠቅምም፤ በኋላ ጎግል ላይ ያንኑ ጥያቄ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው «ፈልግ!» የሚለውን ነው። በምትኩ ነባሩ የቀድሞውን መልስ ሊንክ ከአንድ መስመር ማጠቃለያ ጋር ይለጥፍ፤ ያ ካልሆነለት ዝም ይበል። ሦስት ጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ የፒን መብት አገኘ ማለት ነው፤ ምርጡን መልስ ወስደሽ፣ የመለሰውን ሰው ስም ጠቅሰሽ፣ በአንድ የቋሚ ጥያቄዎች ጽሑፍ ውስጥ አስቀምጪው። ስሙን መጥቀስ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በነጻ ዕውቀቱን የሚሰጥ ሰው የሚያገኘው ክፍያ ግን እሱ ብቻ ነው።

ጠያቂውም የራሱ ግዴታ አለበት፤ አጭር የአጠያየቅ መመሪያ ደንቡ ሥር ይኑር። ርዕሱ «እርዱኝ» ሳይሆን ችግሩን የሚናገር ይሁን። አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ጥያቄ። ምን እንደሞከረና ምን እንደሆነ ይጻፍ፤ የስህተት መልእክት ካለ ቃል በቃል ይገልበጥ፣ የስክሪን ፎቶ ብቻ አይበቃም፤ ጽሑፉን ፈልጎ ማግኘት አይቻልምና። ባለሙያዎችን በስም ታግ አያድርግ፣ በግል መልእክትም አይከተላቸው። ያው ጥያቄ ሦስት ግሩፕ ላይ በአንዴ ከተለጠፈ ሦስት ሰው ለአንድ ሥራ ይደክማል፤ ግድ ከሆነ ሌላ ቦታም እንደጠየቀ ይግለጽ። መፍትሔ ሲያገኝ ተመልሶ ምን እንደሠራለት ይጻፍ። ከሁሉ የሚረሳው ይኼ የመጨረሻው ነው፤ «ተፈታልኝ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መሄድ እንኳ ለቀጣዩ አንባቢ ምንም አይነግርም።

ስትመልሱ ደግሞ ጠቅላላ ጽሑፉን ሳይሆን የምትመልሱለትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ጥቀሱ። የላቲን ጸሐፊዎች በትልልቅ ፊደል ሲጽፉ እንደ ጩኸት ይቆጠርባቸዋል፤ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ባይኖረንም የቃለ አጋኖ ሰልፉ ያንኑ ይሠራል፤ አንድ ይበቃል። ስድብ ስታዩ አትመልሱ፣ ሪፖርት አድርጉ። ለስድብ የተሰጠ መልስ ስድቡን ወደ ላይ ያመጣዋል፣ አወያዩም ከአንድ ይልቅ አምስት ጽሑፍ ማንሣት ይገባዋል።


ቀንዲል

የብራና_ጫፍ ትክክል ነው፤ በቦታው አንድ መስመር መተው የእኔ ሐሳብ ላይ መጨመር አለበት።

ስለ ይግባኝ። ሦስት ሰው ይበቃል። ያገደው ሰው ይግባኙን አይይ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ይዩት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡት የሳንታ ክላራ መርሆች ከትልልቆቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች የጠየቁት ሦስት ነገር ነበር፦ ምን ያህል እንደተሰረዘ በቁጥር መግለጽ፣ ለተሰረዘበት ሰው ማስታወቅ፣ ይግባኝ መፍቀድ። ይኼ ለሦስት መቶ ሰው ግሩፕም ይሠራል። ማስታወቁን ቀድመን አንሥተናል። ለይግባኙ ጊዜ ገደብ አስቀምጪ፤ አቤቱታው በ14 ቀን ውስጥ ይቅረብ፣ መልሱ በ3 ቀን ይሰጥ። ሁለቱ አወያዮች ካልተስማሙ ጥርጣሬው ለተቀጣው ይጠቅም፣ እገዳው ይነሣ። ውሳኔው ሲሻር «ተሳስተን ነበር፣ ማስጠንቀቂያው ከመዝገብ ወጥቷል» ብላችሁ በጽሑፍ ንገሩት። ዝም ብሎ እገዳውን ማንሣት ሰውየውን ይቅር እንደተባለ ጥፋተኛ ያስቆጥረዋል።

ዘላቂ እገዳ በአንድ ሰው እጅ አይወሰን፤ ሁለት ፊርማ ይኑረው፣ ከስፓም በቀር። ለዚህ የጋራ መዝገብ ያስፈልጋል። ተራ የሰንጠረዥ ፋይል ይበቃል፤ ዓምዶቹ ቀን፣ የአባሉ መለያ ስም፣ የጽሑፉ ሊንክ፣ የተጣሰው ደንብ ቁጥር፣ የተወሰደው እርምጃ፣ የወሰደው አወያይ፣ የሚያበቃበት ቀን። የመለያ ስም ስለሚቀየር የአካውንቱን ቁጥርም ያዙ። ወር ሲያልቅ «ደንብ 1፦ ይህን ያህል፣ ደንብ 3፦ ይህን ያህል» ብላችሁ ያለ ስም ለአባላት አውጡት። «አፈነችን» ለሚሉሽ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። መዝገቡ ለእናንተም ይጠቅማል፦ አንድ ደንብ ላይ ጥሰት ከበዛ ደንቡ ግልጽ አይደለም ወይም አባላት አላመኑበትም፤ ከአንዱ አወያይ ብቻ እርምጃ ከበዛ እሱ ወይ ደክሟል ወይ አምርሯል፣ ለሁለት ሳምንት ይረፍ።

አንድ ያልተጠየቀ ልጨምር፤ ብዙ ግሩፕ የጠፋው በእሱ ነው። ባለቤትነቱ በአንድ አካውንት ላይ ነው ያለው። የዚያ ሰው ስልክ ቢጠፋ ወይም አካውንቱ ቢሰረቅ ደንብ፣ መዝገብ፣ ይግባኝ ሁሉ ዋጋ የለውም። የሦስታችሁም አካውንት ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከስልክ ኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው) ይብራበት። ቴሌግራም ላይ ባለቤትነት ለማስተላለፍ ይኼ ማረጋገጫ ከበራ ከ7 ቀን በላይ መሆን አለበት፣ በዚያ ስልክ ላይ የገባችሁትም ከ24 ሰዓት በፊት መሆን አለበት፤ ችግር በተነሣበት ቀን ልታበሩት ብትሞክሩ አይደርስም። ለአወያዮች የምትሰጪውን ሥልጣንም ለሥራው በሚበቃ መጠን ቁረጪው፦ ጽሑፍ መሰረዝና አባል ማገድ ለሁለቱም፣ አዲስ አድሚን መሾም ግን ለባለቤቱ ብቻ። ከአወያይነት የወጣ ሰው ሥልጣኑ በዚያው ቀን ይነሣ፤ ወዳጅነቱ ይቆይ፣ ቁልፉ ግን ይመለስ።


ሰንበሌጥ

ማረጋገጫው በባለቤቱ አካውንት ላይ አልበራም ነበር፤ አሁን በርቷል። ደንቡን በስድስት ነጥብ ረቂቅ አድርጌ ለሁለቱ አወያዮች ልኬላቸዋለሁ፤ ቀንዲል እንዳልከው አንድ አከራካሪ ጽሑፍ አብሬ አያይዤ ለየብቻ እንዲፈርዱ ጠይቄያቸዋለሁ። እርሳስ_ቀራጭ፣ የቅጥያ ዝርዝሩን የት ልጀምር?


እርሳስ_ቀራጭ

ከፊት የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ እንደ፣ ስለ፣ ወደ፣ እነ፤ ከኋላ ው፣ ዋ፣ ዎች፣ ዎቹ፣ ን፣ ም፣ ነት፣ ነህ፣ ነሽ፣ ናችሁ። ሁለት የኋላ ቅጥያ ተደራርቦ ስለሚመጣ («ባለጌዎቹን»፣ «ባለጌውም») ሕጉ እስከ ሁለት ይፍቀድ። አንድ ሳምንት ምንም ሳይሰውር ወደ ወረፋ ብቻ ያስገባ፤ ከያዛቸው ውስጥ ንጹሖቹን ለቅመሽ እነዚያን ቃላት «አትንካ» በሚል ዝርዝር አስገቢ። «ባለጌጥ» ከነእርባታው ከመጀመሪያው ቀን እዚያ ይኑር።